ከአርባ ስምንቱ ስንቱን በስም ታውቃለህ?

ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር የሚጀምረው ከአንዲት ወረቀት ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣቶች ኅብረታችን «የወንጌል ታሪክ በአገራችን» የሚል የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም አዘጋጀና የወላይታውን ክፍል እንዳቀርብ ለእኔ ተሰጠኝ። «እናትህ የወላይታ ልጅ ናት፤ አንተ ታውቀዋለህ» አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፦ አላውቀውም ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ልደታ ነው። ለእኔ አገር ማለት ሌሊት ከልደታ ማርያም የሚሰማው ቅዳሴ፣ ጠዋት ሽው የሚለው ባቡር፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ፋይል አቅፈው የሚጠብቁ ባለጉዳዮች ናቸው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ፣ በሁምቦ በኩል ያለችው የእናቴ መንደር ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ በአውቶቡስ የሚላክልን ጎደሬና ቅቤ ነበረች። ስለ መንደሪቱ ሲወራ ትንሽ አፍርም ነበር። ጓደኞቼ «የት ነው አገርህ?» ሲሉኝ «ልደታ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ።

ስለዚህ ያደረግሁት እናንተም የምታደርጉትን ነው። መጻሕፍት ተዋስሁ፣ አነበብሁ፣ ቁጥሮቹን መርጬ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። ወረቀቴ በአጭሩ እንዲህ ይል ነበር፦

ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተሸነፈች፤ ንጉሥ ጦናም ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በገባርነት ሥርዓት ሥር ኖረ። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የኤስ. አይ. ኤም. ሚሲዮናውያን ከአዲስ አበባ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወጡ። አሳባቸው ጅማ መድረስ ነበር፤ ነገር ግን መንገዳቸው ወደ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሲዳማ ዞረ። በሶዶ ኦቶና ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ሕመምተኛ አከሙ፣ አስተማሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ወላይታዎች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። በ1929 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ከሶዶ አስወጣቸው። ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ያገኟቸው ግን ወደ 10,000 የሚጠጉ ነበሩ።

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆም ብዬ «ሃሌ ሉያ!» እንዲባል አስቤ ነበር። ከ48 ወደ 10,000! ማን «አሜን» የማይል አለ?

በዚያው ሰሞን አያቴ የዓይን ሞራዋን ለመታከም ከመንደር መጥታ እኛ ጋ ነበረች። እኛ እማማ ነው የምንላት። አንዱ ዓይኗ ተሠርቶላት ሁለተኛውን ቀጠሮ ትጠብቃለች። ሐሙስ ማታ ሳሎን ቆሜ ወረቀቴን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማመድ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ታዳምጠኛለች። ጨርሼ «እንዴት ነው እማማ?» አልኋት።

«ጥሩ ነው፤ ልጄ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ከአርባ ስምንቱ ስንቱን በስም ታውቃለህ?» አለችኝ።

አሰብሁ። «ዋንዳሮን» አልኋት። ዋንዳሮ ዳባሮን ማለቴ ነው፤ በጣሊያን ዘመን ስለ እምነቱ በአደባባይ የተገረፈውን፣ የታሰረውን፣ ጸሎት ቤቱ የፈረሰበትን፣ ሲፈታም ተመልሶ ወንጌል የሰበከውን ሰው።

ሳቀች። «ዋንዳሮንማ ማን የማያውቅ አለ! ሌላስ?»

ሌላ አልነበረኝም።

«የእኔ አባት ከአርባ ስምንቱ ውስጥ የለም» አለች። «እሱ ከአሥሩ ሺህ ውስጥ ነው። ወረቀትህ ላይ አሥር ሺህ ስትል አንድ ሰው የተናገርህ ነው የሚመስለው። እኛ ግን እያንዳንዳችን ቤት ነበረን።»

ወዳጆቼ፣ በዚያ ሌሊት እናቴ ቡና እስከ ሦስተኛው አፈላች፤ እኔም ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። አሁን የምነግራችሁ ከዚያ ቀረጻ ያገኘሁትን ነው።

እማማ የተወለደችው ጣሊያን በወጣበት ዓመት ነው። የመጀመሪያዋን ጸሎት ቤት በዓይኗ አላየችም፤ ከአባቷ አፍ ግን ሰምታለች። ነገሩ የጀመረው ሚሲዮናውያኑ ከወጡ በኋላ ነው። በመንደራችን የነጭ እግር አልረገጠም። ወንጌልን ያመጣው ከሌላ ቀበሌ ለልቅሶ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው አብሮት ነበረና የማርቆስ ወንጌልን በወላይትኛ አነበበላቸው። በዚያን ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው የነበራቸው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የተመረጡ ክፍሎች ብቻ ነበሩ። ሙሉው አዲስ ኪዳን በወላይትኛ እስኪታተም ገና አራት አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር። የእማማ አባት ፊደል አይቆጥሩም፤ ስለዚህ በልባቸው ያዙት። እርሻ ሲውሉ ከበሬዎቹ ኋላ እየደጋገሙ ይሉት ነበር አሉ።

«ለምንድን ነው ያመኑት?» ብዬ ጠየቅኋት። መጻሕፍቱ ብዙ ምክንያት ያቀርባሉ። ሚሲዮኑ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ኢሳ ላሌ የሚባል ሰው ከጋሞ ተነሥቶ የቃልቻ ነገር እንዲተውና አንዱን ጦሳን፣ ማለት እግዚአብሔርን ብቻ እንዲለምኑ እየሰበከ አልፎ ነበር፤ የብዙዎች ልብ በዚህ ተዘጋጅቷል ይላሉ። የገባርነቱ ሸክምም፣ የጦርነቱ ጭንቀትም ይጠቀሳል። እማማ ግን የመለሰችልኝ አጭር ነው። «አባቴ ሦስት ልጆች ቀብሯል። በየጊዜው በግና ማር ወደ ቃልቻው ይወስድ ነበር፤ ልጆቹ ግን ሞቱ። መጀመሪያ የሰማው ነገር የኢያኢሮስን ልጅ ነው። አንድ አባት ልጁን ስለ ሞት ሲለምን የሚሰማ አምላክ አለ ሲሉት አለቀሰ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።»

ያመኑት ሰባት ቤተሰቦች ተሰብስበው ጸሎት ቤት ሠሩ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሣር፣ መቀመጫው የተጋደመ ግንድ። የመካከሉን ምሰሶ የእማማ አባት ከራሳቸው ጓሮ ቆርጠው አመጡት። ዓመት ሳይሞላ የአካባቢው ሹም አፍርሱ አለ። ያስፈረሳቸውም በራሳቸው እጅ ነው። ምሰሶውን ተሸክመው ወደ ሹሙ ግቢ እንዲያመጡት አዘዘ፤ ለበቅሎ ጋጣ ማቆሚያ ሆነ። የእማማ አባት ምሰሶውን ከፊት ተሸክመው የሄዱት እርሳቸው ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንዲት ጊደር ከፍለው መልሰው ገዙት። ሁለተኛዋ ጸሎት ቤት በዚያው ምሰሶ ላይ ቆመች። እማማ ፊደል የቆጠረችው፣ የተዳረችው፣ ልጆቿን ለጌታ ያቀረበችው እዚያች ቤት ውስጥ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ምዕራብ እንይ። ይህ ነገር የወላይታ ብቻ አይደለምና። በወለጋ ቦጂ የወንጌል ማኅበርን የጀመረው ነጭ ሚሲዮናዊ አልነበረም። በ1898 እ.ኤ.አ. ከሐማሴን የመጣው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከባለቤቱ ከጉሜሽ ወልደ ሚካኤልና ከባልንጀሮቹ ጋር ነው የጀመረው። በ1905 እ.ኤ.አ. ቤት ሲቃጠል ሰው ለማዳን ገብቶ እዚያው ሞተ። በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ ደግሞ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ መጽሐፉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። አስቴርም ከባርነት የወጣች ናት። በብዙ የገጠር መንደሮቻችን ወንጌል የገባው በጎረቤት፣ በዘመድ፣ በተሸጠና በተመለሰ ሰው አፍ ነው። «የፈረንጅ ሃይማኖት» ሲሉን የምንመልሰው ይጠፋናል፤ መልሱ ግን በአያቶቻችን ስም ውስጥ ነበረ። ስሙን ስላልጠየቅን ነው የጠፋን።

ወደ መንደሪቱ ልመልሳችሁ። በደርግ ዘመን በአገሪቱ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ታፍነው ተገደሉ፤ መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች። የወላይታም ጸሎት ቤቶች ከዚህ አላመለጡም። የመንደራችን ጸሎት ቤት የገበሬ ማኅበር መጋዘን ሆነች። አማኞቹ በሌሊት በየቤቱ፣ በእንሰት ጓሮ ውስጥ ይጸልዩ ነበር። እማማ ስትነግረኝ «ያን ጊዜ መዝሙር በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው፤ አሁን እናንተ በማይክ የምትሉትን» አለችኝ። ነቀፋ አልነበረም፤ እንዲሁ ትዝ ብሏት ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፣ መጋዘኑም ተመለሰ። እኔም እዚህ ላይ ታሪኩ ያልቅና ምስጋና ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እማማ ግን ሲኒዋን አስቀመጠችና «አሁን የሚመጣውን ወረቀትህ ላይ አልጻፍኸውም» አለች። እናቴ ከማድ ቤት «እማዬ፣ ተይው እንጂ!» አለች። እማማ አልተወችውም።

በ1986 ዓ.ም. በመንደሪቱ ያሉ ወጣቶች መቃተት፣ በልሳን መጸለይ፣ እያጨበጨቡ መዘመር ጀመሩ። በከተማ ይህ አዲስ አልነበረም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተማሪዎች መካከል የተነሣው የመንፈስ ቅዱስ እንቅስቃሴ ለብዙ ቤተ እምነቶች ደርሶ ነበር። በመንደራችን ግን አዲስ ነው። ሽማግሌዎቹ «ሥርዓት ይጠበቅ» አሉ፤ ወጣቶቹ «መንፈስን አታጥፉ» አሉ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ 19 ወጣቶችን ከኅብረት የሚያግድ ደብዳቤ ጻፉ። ከወጣቶቹ አንዱ አጎቴ ነበር፤ ዕድሜው 22። ደብዳቤው ላይ ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ ደግሞ ወንድ አያቴ፣ የገዛ አባቱ ነበሩ።

የሁለቱንም ቤተ እምነቶች ስም ሆን ብዬ አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ ግማሾቻችሁ ወዲያው ከአንዱ ጋር ትቆማላችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የታገዱት ወጣቶች ከመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ሌላ ሠሩ። እሑድ እሑድ የአንዱ መዝሙር በሌላው ስብከት ላይ ይገባል። አንድ ጓሮ የሚጋሩ ጎረቤቶች በሰንበት መንገድ ለወጡ። ወንድ አያቴና አጎቴ 11 ዓመት አልተነጋገሩም። በአንድ ግቢ እየኖሩ! «ምሳ እኔ ነበርኩ የማመላልሰው» አለች እማማ። «አባትየው 'ያ ልጅ በልቷል?' ይለኛል፤ ልጅየው 'አባቴን አመመው እንዴ?' ይለኛል። እኔ በመካከል ሆኜ የሁለቱንም አደርሳለሁ። እነሱ ግን እርስ በርስ አይጠያየቁም።» ወንድ አያቴ በ1997 ዓ.ም. አረፉ። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸውን አስጠርተዋል። አጎቴ ግን ለአገልግሎት ሌላ ወረዳ ሄዶ ነበር፤ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ ነው ያገኘው።

ምሰሶውስ? የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን በብሎኬትና በቆርቆሮ ስትሠራ አሮጌው ምሰሶ ተነቀለ። አዲሶቹ «ይሰጠን» ሲሉ ሽማግሌዎቹ «የእኛ ነው» አሉ። በዚህም ተጨቃጨቁ። እማማ አንድ ማለዳ ሁለት ጎረምሶች ይዛ ሄዳ ምሰሶውን አስነሥታ ወደ ቤቷ ወሰደችው። «አባቴ በጊደር ነው የገዛው» አለቻቸው። ማንም አልመለሰላትም። አሁን የማድ ቤቷ ምሰሶ ነው። ጢስ አጥቁሮታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልጄ፣ ስለ አሥር ሺው ስትናገር ስለ ዐሥራ ዘጠኙም ተናገር። የተገረፍነውን ብቻ ከነገርሃቸው እኛ የምንገርፍ አይመስላቸውም።»

ወዳጆቼ፣ ያን ሌሊት ያልነገርኋት ነገር ነበረ። ስልኬ ላይ፣ እርሷን በምቀርጽበት በዚያው ስልክ፣ አንድ ደብዳቤ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። የመልቀቂያ ደብዳቤ። በእኛ የወጣቶች ኅብረትና በአጥቢያችን ሽማግሌዎች መካከል ጠብ ከተነሣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። ጉዳዩ የአምልኮ ሰዓትና የመሣሪያ ነገር ነበር፤ አሁን ስጽፈው ትንሽ ይመስላል፣ ያን ጊዜ ግን ትንሽ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ በመዝሙር መካከል ተነሥተው ማይኩን አጥፍተውብኝ ነበር፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አላልኋቸውም። አሥራ አራት ሆነን ለመልቀቅ ተስማማን፤ ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። እሑድ ይሰጣል ብለን ቀጥረናል። ቅዳሜ ስለ አባቶች ጽናት እናገራለሁ፤ እሑድ እወጣለሁ። ሁለቱ እንደሚጋጩ እንኳ አልታየኝም ነበር።

አርብ ሌሊቱን አልተኛሁም። መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ የሐዋርያት ሥራ 15ን አነበብሁ። ጳውሎስና በርናባስ የተጣሉበትን ታስታውሳላችሁ። መለያየታቸውን ሉቃስ አልደበቀውም፤ ማን ልክ እንደ ነበረም አይነግረንም። የተጣሉበት ሰው ማርቆስ ነው። ዓመታት አልፈው፣ ጳውሎስ ሞቱን በሚጠብቅበት በሁለተኛው ጢሞቴዎስ መጨረሻ ላይ ግን ያንኑ ማርቆስን ይዘህልኝ ና፣ ይጠቅመኛል ይላል። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! በዚያ ሌሊት ግን ሌላ ነገር መጣብኝ፦ ወላይታዎች በእጃቸው የነበረችው አንዲት ወንጌል የዚያ የተጣሉበት ሰው ወንጌል ናት። ጳውሎስ እስከ መጨረሻው «አላየውም» ቢል ኖሮ ብዬ አሰብሁ። ወንድ አያቴም አጎቴን ያስጠሩት በመጨረሻው ሳምንት ነበር፤ እርሳቸው ግን ጊዜው አልበቃቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቆምሁ። ወረቀቴን እስከ 10,000 ድረስ አነበብሁ። «ሃሌ ሉያ» ተባለ፤ ደስ ይላል፣ ይገባልም። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ስለ ሰባቱ ቤተሰቦች፣ ስለ ጊደሯ፣ ስለ ዐሥራ ዘጠኙና ስለ 11ዱ ዓመት ተናገርሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በመጨረሻም «እኔ እንደዚሁ ያለ ደብዳቤ በስልኬ አለኝ» አልሁ። ከአሥራ አራታችን አንዳንዶቹ ተናደው አዩኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ማይኩን ያጠፉብኝ አባት ተቀምጠው ነበር፤ መምጣታቸውን አላየሁም ነበር።

ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ሰኞ ማታ ቤታቸው ሄድሁ። ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ስድስት ወር ሰላም ስላላልኋቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ቡና ጠጣ» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ ስለ አምልኮ ሰዓቱ ያወራነው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረውን ጊዜ በደርግ ዘመን በወጣትነታቸው ስለ ታሰሩበት ነገሩኝ። ስድስት ወር ሙሉ ስማቸውን «ማይኩን ያጠፉት ሰውዬ» ብዬ ነበር የምጠራው። ከአሥራ አራቱ ስድስቱ ለቀው ሄዱ፤ አሁን በሌላ ቦታ ያገለግላሉ። ስምንታችን ቀረን። ከሄዱት ጋር ረቡዕ ረቡዕ ሜክሲኮ አካባቢ ሻይ እንጠጣለን፤ ይህን ያደረግነው ማንም አስገድዶን አይደለም፣ ከወንድ አያቴና ከአጎቴ ፈርተን ነው።

እማማ ሁለተኛው ዓይኗ ተሠርቶላት ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በስልክ እየደወልሁ ስሞችን እጠይቃታለሁ፤ ከሰባቱ ቤተሰቦች ማን ማን ነበር? ሚስቶቹስ? ማርቆስን ያነበበው ማን ነው? ሣሩን ያጨደው? በመጋዘኑ ዘመን ቤታቸውን ለጸሎት የከፈቱት? ደብዳቤውን የፈረሙትና በደብዳቤው የታገዱትስ? በሁለት ዓመት ውስጥ 31 ስም ሰበሰብሁ። ከግማሽ በላይ የሴቶች ናቸው፤ በየትኛውም መጽሐፍ ግን አላየኋቸውም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር እማማ ወደ ጌታ ሄደች። ከእናቴ ጋር ለቀብር ወረድን። ግቢው እንደ ደረስን የሰማሁት ለቅሶ ብቻ አልነበረም፤ ክርክርም ነበር። የቀብሩን ሥርዓት የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን ትምራ? አሁን በመንደሪቱ ሦስት አሉ። አጎቴ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ከክርክሩ ርቆ የማድ ቤቱን ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ወሰኑ፦ አንዷ በቤት ትጸልይ፣ አንዷ በመቃብር ትናገር፣ ሦስተኛዋ ትዘምር። እንዲሁም ሆነ።

በሠልስቱ ማታ አጎቴ ጠራኝና «ስም ትሰበስባለህ አሉኝ፤ አንብብልኝ» አለኝ። በድንኳኑ ውስጥ ከሦስቱም የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። 31ዱን ስም አንድ በአንድ አነበብሁ። ወንድ አያቴን ከፈራሚዎቹ ጋር፣ አጎቴን ከታገዱት ጋር ጠራሁ። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ስጨርስ ከጥግ የተቀመጡ፣ እኔ የማላውቃቸው አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡና «ሁለት ረስተሃል» አሉኝ። ብዕር አወጣሁ። አሁን 33 ናቸው።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከአገራችን ሕዝብ 10.2 በመቶ የነበረው የፕሮቴስታንት ቁጥር በ1999 ዓ.ም. 18.6 በመቶ ደርሷል። ቁጥሩን እያየን እናመስግን። ነገር ግን ዕብራውያን 11ን ስታነቡ ልብ በሉ፤ ጸሐፊው መጀመሪያ በስም በስም ነው የሚጠራቸው፤ ጊዜ ሲያጥረው ነው የቀሩትን በጅምላ የሚያነሣቸው። እኛ ግን ገና ጊዜ አለን።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ልደታ ብትኖሩ፣ ጌጃ ሰፈር ብትኖሩ፣ የትም ብትሆኑ፣ በቤታችሁ ወይም በአጥቢያችሁ ከአንድ መንደር የመጣ አረጋዊ አለ። በዚህ ወር አንድ ቀን ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ወንጌል ወደ መንደራችሁ በማን አፍ ገባ? የመጀመሪያዋን ጸሎት ቤት እነማን ሠሩ? ደግሞም፣ ይህን አትዝለሉት፣ መቼ ተጣላችሁ? ስሙን ጻፉ። ለኅብረታችሁም አንብቡ። ምናልባት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ሁለት ረስተሃል» ይላችኋል። ብዕር ይዛችሁ ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ።